ዳገቱ ለማን ነው ዳገት?

በዚህ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ ስለ ብስክሌት ልትሰሙ መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የዶክትሬት ጥናቴን ርእስ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ መልሴን ሲሰማ የሚለው አንድ ነው። «ብስክሌት? ደሴ ላይ?» ይልና እጁን ወደ ጦሳ ተራራ ያነሳል። ለእሱ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፒያሳ ተነሥታችሁ ወደ የትም ብትሄዱ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። ይህን ከእናንተ ጋር የሚከራከር የለም፣ እኔም አልከራከርም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ይከብዳል። ሰኞ ገበያ ላይ ቆሜ መንገደኛ ስቆጥር አንድ አባት አጠገቤ መጥተው የምጽፈውን ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ወሎ ላይ የሚጠና ነገር ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የ1966 ዓ.ም.ንም የ1977 ዓ.ም.ንም ረሃብ በዓይኑ ያየ ሰው በዚህ ምድር ላይ ወረቀትና እርሳስ ይዛ የቆመች ልጅ ምን እንድትቆጥር እንደሚፈልግ እረዳለሁ። ጥያቄያቸውን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ እስከ ዛሬም አብሮኝ አለ። የምሽቱ ንግግሬም ከሞላ ጎደል ለእሳቸው የምሰጠው መልስ ነው።

መልሴ ከራሳችን ጂኦግራፊ ይነሣል። የጂኦግራፊ ሊቁ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ እንዴት እንደተጋለጠ መርምረዋል። የመጽሐፉ ትልቁ ቁም ነገር፣ ድርቅና ረሃብ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ዝናብ መቅረቱ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ዝናብ ሲቀር ገበሬው የሚበላውን ማጣቱ ግን ሰዎች ባቆሙት ሥርዓት፣ በጭሰኝነቱ፣ በግብሩ፣ ድምፅ በማጣቱ የመጣ ነው። የመስፍንን መጽሐፍ ካነበብኩ ወዲህ አንድ ሰው ስለ ሰው ኑሮ ሲነግረኝ «ተፈጥሮ ነው» ካለኝ ቆም ብዬ እንደገና እጠይቃለሁ። ረሃብንና የብስክሌት እጦትን ጎን ለጎን አላቆምም፤ ነውር ይሆናል። የመጠየቂያው መንገድ ግን አንድ ነው። «ዳገት ነውና ብስክሌት አይሆንም» የሚለውን አረፍተ ነገር፣ «ዝናብ የለምና ተራበ» የሚለውን በመረመርንበት ዓይን መመርመር ይቻላል። ሰብአዊ ጂኦግራፊ የሚባለው የጥናት ዘርፍ ሥራውም ይኸው ነው፤ ተራራውን ከተራራው ላይ ከሚኖረው ሰው ነጥሎ አያይም።

እስቲ መጀመሪያ ዳገቱን ራሱን እንየው።

ከኮምቦልቻ ደሴ በሀረጎ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር ይበልጣል። ሰውየውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 90 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ይህን ክብደት 600 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 530 ኪሎ ጁል ያህል ሥራ ይጠይቃል። የሰው ጡንቻ ካቃጠለው ምግብ ሩቡን ያህል ብቻ ወደ ሥራ ስለሚለውጥ፣ ነጂው ለሽቅቡ ብቻ 500 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል። ከኋላው 20 ኪሎ ቢጭን ወጪው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይጨምራል። ቁርሱን በደንብ በልቶ ለወጣ ሰው ይህ ስፖርት ነው። ቁርሱን ዘሎ ለምሳው ሳንቲም የሚቆጥብ የቀን ሠራተኛ ግን ይህን ከየት አምጥቶ ይከፍላል? እንግዲህ ያው ዳገት፣ ያው ሀረጎ፣ ለሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ዳገት ሆነ።

ይኸው ሥራ በኤሌክትሪክ ሲሰላ 0.15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የጎማውን ሰበቃና የሞተሩን ብክነት ብንጨምርበት እንኳ የተለመደ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ከሚይዘው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ አያልፍም። አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪ ከኮምቦልቻ ደሴ ያወጣል ማለት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በየሻይ ቤቱ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ይወራል። ለኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ሰው ግን ድሮም ሀረጎን በእግሩ አልወጣም። የእኛን ዳገት የሚያለሰልሰው ሞተር ከዚያ በጣም ያነሰው ነው፤ ስለ እሱ ሲወራ የሰማሁት ጥቂት ነው።

መንገዱም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዙ በኋላ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አስመራ የሚደርሰውን መንገድ ሲሠሩ ያሰቡት ወታደርና ስንቅ የሚጭነውን መኪና ነበር። ጠመዝማዛው የተለካው በጭነት መኪና አቅም ነው። እንጨት ተሸክመው ወደ ደሴ የሚወጡ ሴቶች ጠመዝማዛውን አይከተሉም፤ በአቋራጩ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ አብሬያቸው በአቋራጩ ወጣሁ፤ እነሱ ሸክም ይዘው እያወሩ ሲሄዱ እኔ ባዶ እጄን ሆኜ መናገር አቅቶኝ ነበር። በአንድ ኮረብታ ላይ ሁለት መንገድ፣ ሁለት ዳገት አለ፤ በካርታችን ላይ በደማቅ መስመር የተሣለው አንዱ ብቻ ነው።

ብዙዎቻችሁ የዶክትሬት ተማሪ ምን እያደረገ እንደሚውል ጠይቃችሁኛል። ላውጋችሁ።

ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ እወጣለሁ። አንድ ጥግ ይዤ፣ ፒያሳ ወይም ቧንቧ ውሃ ወይም ሰኞ ገበያ፣ በመስመር በተከፈለ ወረቀት ላይ የሚያልፈውን እቆጥራለሁ፦ እግረኛ፣ ሸክም የያዘ እግረኛ፣ አህያ፣ የእጅ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ብስክሌት። የእግረኛው ረድፍ በደቂቃዎች ውስጥ በጭረት ይሞላል። የተማሪ ሰዓት ሲደርስ፣ የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ልጆች በቡድን በቡድን ሆነው ሲያልፉ፣ እጄ አይደርስላቸውም። የብስክሌቱ ረድፍ ግን ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በጀማሪነቴ ያ ነጭ ረድፍ ያስጨንቀኝ ነበር። ለአማካሪዬ ደውዬ ስነግረው፣ «ባዶ የሆነበትን ምክንያት ቆጠራው አይነግርሽም፤ ሂጂና ሰው ጠይቂ» አለኝ።

ሰው ለመጠየቅ ደግሞ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከዩኒቨርሲቲዬ የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ። ደብዳቤው ይነበባል፤ «ብስክሌት ከሆነ ስፖርት ነው፣ ወደ ስፖርቶች ሂጂ» እባላለሁ። እዚያ ስደርስ «የውድድር ነው?» ይሉኛል፤ አይደለም ስላቸው ወደ መጣሁበት ይመልሱኛል። ሰዎቹን አልወቅስም፤ በትሕትና ነው ያስተናገዱኝ። ነገር ግን ያ መመላለስ ራሱ አንድ ነገር አስተማረኝ። እኔ በተመላለስኩባቸው መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ውስጥ ብስክሌት የውድድር ዕቃ ነው፣ ከዚያ ካለፈ የልጆች መጫወቻ። ሰው ሥራው የሚደርስበት ነገር ሆኖ የተመዘገበበት ፋይል የለውም።

ውድድሩማ የሚያኮራ ነው፤ ሳላነሳው አላልፍም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ በቆመችበት በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን፣ አበበ ቢቂላ ሮም ከመሮጡ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞች ነበሩን። ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋና፣ ፀሐዬ ባሕታ። በቡድን የጎዳና ውድድር ዘጠነኛ ወጡ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እነዚህ ሰዎች በዓለም ፊት ያሳዩት አቅም የማነው? በየቀኑ በአቋራጩ ሽቅብ የሚወጣው ሕዝብ አቅም ነው።

ከሰዓት በኋላ ብዙውን ጊዜ ኮምቦልቻ ነኝ። ሚኒባሱ ሀረጎን ሲወርድ ጃኬት ማውለቅ ይጀመራል፤ ቦርከና ሜዳ ላይ ስንደርስ ሌላ አየር፣ ሌላ አካሄድ ነው። ኮምቦልቻ የጥናቴ ልብ ናት፤ ምክንያቱም ሜዳ ናት። ጉዳዩ የዳገት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኮምቦልቻ በብስክሌት በተሞላች ነበር። ባሕር ዳርን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እዚያ አስተማሪውም ተማሪውም፣ ሴቱም ወንዱም በብስክሌት ይሄዳል፤ አላፊውም ዞር ብሎ አያይም። ኮምቦልቻ ላይ ብስክሌት አለ፤ ግን አብዛኛው ነጂ ልጅ ነው። ልጆቹ በሰፈር የሚከራይ ብስክሌት ላይ ተራ ጠብቀው፣ ተከራክረው፣ ወድቀው ተነሥተው ይማራሉ። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ይወርዳሉ፤ ከዚያ በኋላ አይመለሱም። የሜዳው ከተማ ሰዎች ለምን ከብስክሌት ወረዱ? ይህን ጥያቄ ጦሳ አይመልሰውም።

በ1970 እ.ኤ.አ. ቶርስተን ሄገርስትራንድ የተባለ ስዊድናዊ የጂኦግራፊ ሊቅ፣ የሰው እንቅስቃሴ በሦስት ነገር እንደሚታሰር ጻፈ። አንደኛው አካላችንና ያለን መሣሪያ የሚፈቅድልን ነው፤ እንተኛለን፣ እንበላለን፣ በሰዓት ይህን ያህል ብቻ እንሄዳለን። ሁለተኛው ከሌላ ሰውና ከሌላ ነገር ጋር በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ መገናኘት ግድ ስለሚሆንብን የሚመጣ ነው። ሦስተኛው በርና ሕግ ነው፤ ማን የት፣ በስንት ሰዓት እንዲገባ የተፈቀደለት። የአንድን ሰው ቀን በእነዚህ ሦስት ማሰሪያዎች ውስጥ አስገብቶ ሲሥለው፣ ሰውየው በዚያ ቀን ሊደርስ የሚችልበት ዓለም ወርዱና ቁመቱ ይታያል። ሄገርስትራንድ ስዊድን፣ ሉንድ ላይ ሆኖ የጻፈው ነገር ኮምቦልቻ ላይ የበለጠ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ስሟን አልጠራም። አብረን እየተጓዝን የምናወራበት የቃለ መጠይቅ ዘዴ ስላለ አብሬያት ወደ ሥራ ሄጃለሁ። ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ውሃ የሚመጣበት ሰዓት አለ፣ የፋብሪካው በር የሚዘጋበት ሰዓት አለ፣ ሲመሽ የማይሄዱበት መንገድ አለ። ከቤቷ ሥራ ቦታዋ በእግሯ አርባ አምስት ደቂቃ ያስኬዳታል። መንገዱ ሜዳ ነው። በብስክሌት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ደርሶ መልስ ያለውን ስናሰላ በየቀኑ አንድ ሰዓት በእጇ ይገባል፤ ያ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ነው፣ የማታ ትምህርት ነው፣ ውሃው ሳይሄድ መድረስ ነው።

«ታዲያ ለምን?» አልኳት። ዘረዘረችልኝ። ብስክሌቱን የት አሳድረዋለሁ፤ ግቢው የብዙ ሰው ነው። ወደ ሚሌና ወደ ወደቡ የሚያልፈው ተሳቢ መኪና ጎኔን ታክኮ ሲሄድ እፈራለሁ። ዋጋውም የስንት ወር ደመወዝ ነው። ይህን ሁሉ ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ ሰው ምን ይለኛል» አለች። በልጅነቷ እኮ ትነዳ ነበር፤ ከወንድሞቿ ትፈጥን ነበር። አንድ ቀን እናቷ «አሁንማ ትልቅ ሴት ነሽ» አሏት፤ በዚያው ቀረ። እናትየውን እረዳቸዋለሁ። ልጃቸውን ከሰው አፍ መጠበቃቸው ነበር። ይሉኝታ ግን ስንት ሜትር ከፍታ አለው? በኪሎ ካሎሪስ ስንት ያስወጣል? በቁጥር ልነግራችሁ አልችልም፤ በጥናቴ ውስጥ ከጠየቅኋቸው ሴቶች ብዙዎቹ ግን ከሀረጎ ይልቅ የሚከብዳቸው እሱ እንደሆነ ነግረውኛል።

እኔ ራሴ በብስክሌት እወጣለሁ። ደሴ ላይ አብዛኛው ሰው ደግ ነው፤ «አይዞሽ! ጎበዝ! አብሽሪ!» ይለኛል። ይህን ድምፅ እወደዋለሁ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ይሆናል። ግን አስቡት፤ በእግሯ እንጨት ተሸክማ የምታልፈውን ሴት «ጎበዝ» የሚላት የለም፤ ለምዶናልና። የሚያደንቁኝ እንግዳ ነገር ስለሆንኩ ነው። ልጆቻችን በብስክሌት ሲሄዱ ማንም ቀና ብሎ የማያይበት ቀን እንዲመጣ እፈልጋለሁ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን አንድ ሰው ደንበኛዬም መምህሬም ሆኗል። ከጎሚስታ ሥራው ጎን ነው ብስክሌት የሚያየው። የፍሬኑን ጎማ አይቶ ብስክሌቱ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ ከደሴ የወረደ ከሆነ ጎማው በአንድ ቁልቁለት ተቃጥሎ አልቋል። ሽቅቡን ብዙዎች በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭነው እንደሚመለሱ የነገረኝም እሱ ነው፤ ረዳቱ ለብስክሌቱ የሚጠይቀው ገንዘብ አንዳንዴ ከሰውየው ታሪፍ ይበልጣል። ካቴና ሲበጠስ ልኩን ማግኘት ሥራ ነው፤ ብስክሌቶቹ ያገለገሉ ሆነው ከየአገሩ ስለሚመጡ አንዱ የአንዱን ዕቃ አይቀበልም። ስለዚህ ካልተሠራው ላይ ፈትቶ ለሚሠራው ይገጥማል።

አንድ ከሰዓት ስለ ሥራው አጀማመር ስጠይቀው ስለ 2014 ዓ.ም. ነገረኝ። በዚያ ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤተሰቡን ይዞ በእግሩ ወጣ። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ነጻ ሲሆኑ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ መፍቻ እንኳ አልቀረለትም፤ የደንበኞቹም ብስክሌቶች የሉም። ያኔ ቴፔን አጥፍቼ ዝም ብዬ አዳመጥኩት። ስለ ብስክሌት ልጠይቅ ሄጄ ስለ ስደት የምሰማበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሰው «እንዴት ትንቀሳቀሳለህ?» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ሊንቀሳቀስ ግድ የሆነበት ቀን ነው። በጥናቴ ውስጥ ምዕራፍ ያልያዝኩለት ነገር ነበር፤ አሁን ይዤለታለሁ።

ማታ ደሴ ተመልሼ የቀረጽኩትን ድምፅ እጽፋለሁ። የአንድ ሰዓት ወሬ ቁጭ ብሎ ቃል በቃል ለመጻፍ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ የላፕቶፑን ባትሪ እያየሁ እቸኩላለሁ። ልጄ አጠገቤ ተኝታለች። የማላውቃቸው ሰዎች ድምፅ በጆሮዬ ውስጥ ሆኖ ሲስቁ እስቃለሁ፣ ዝም ሲሉ እጄ ይቆማል። ብዙ ሰው ዶክትሬት ማንበብ ብቻ ይመስለዋል፤ ከሁሉ የሚከብደውም የሚጣፍጠውም ይህ ማዳመጥ ነው።

አሁን ወደሚመጣው ልለፍ። አገራችን ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ እግረኛንና ብስክሌተኛን ማስቀደም የሚል ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» በሚል አውራ ጎዳናዎች ለሰዓታት ከመኪና ነጻ ተደርገው ሕዝብ ሲሮጥባቸው፣ ልጆች ሲነዱባቸው አይተናል። የኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መስመር የሚለውን ነገር በከተሞቻችን አምጥቶታል። ደስ ይለኛል፤ ከልቤ ነው። ግን መስመሩ የሚሠመረው የት ነው? ለዓይን በሚያምረው አደባባይ ዙሪያ ነው ወይስ ከሠራተኞቹ መኖሪያ ሰፈር እስከ ፋብሪካው በር?

እኔ ብጠየቅ ከኮምቦልቻ ሜዳ እጀምራለሁ፤ ተሳቢው ከሚያልፍበት መንገድ በግንብ ጠርዝ የተለየ መስመር፣ በፋብሪካው በር ደግሞ ጥበቃ ያለው የብስክሌት ማቆሚያ። ደሴ ላይ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ በሁለቱም በኩል መስመር አይበቃም ይባላል፤ እውነት ነው። በሌሎች ተራራማ ከተሞች የሚሠራበት ዘዴ አለ፤ መስመሩ የሚሰጠው በሽቅቡ በኩል ብቻ ነው። ሽቅብ የሚወጣ ሰው ቀርፋፋ ነው፣ ይወላገዳል፣ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ቁልቁል የሚወርደው ከባጃጁ ጋር እኩል ስለሚፈጥን መንገዱን ከመኪናው ጋር ሊጋራ ይችላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ደግሞ ብስክሌት በሚኒባስ ሲጫን የታወቀ ታሪፍ ቢኖረው፣ ለዚያ አስፋልት መቆፈር አያስፈልግም፤ አንድ ሰሌዳ መናኸሪያ ላይ መለጠፍ ይበቃል።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ከእናንተ እፈልጋለሁ። በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የደሴና የኮምቦልቻ ባዶ ካርታዎች አሉ፤ እርሳስም አለ። ስማችሁን አትጻፉ። ከቤታችሁ ተነሥታችሁ በየቀኑ የምትሄዱበትን መንገድ በመስመር ሣሉልኝ፤ በእግር የምትሄዱበትን በነጠላ መስመር፣ በተሽከርካሪ የሆነውን በድርብ። የምትፈሩበት ቦታ ካለ ክብ አድርጉበት። በብስክሌት መሄድ ፈልጋችሁ የተዋችሁት መንገድ ካለ ደግሞ በነጥብ በነጥብ አሳዩኝና ለምን እንደተዋችሁት ከጀርባው ጻፉልኝ። መጻፍ የማይመቻችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ እኔ እዚያው ቁጭ እላለሁ፤ ንገሩኝና እጽፋለሁ።